ማርሹ በእጅ የሚለወጥ የስፖርት ኦቶሞቢል ስለ ምን ገዢ አላጣም?

በንግድ ሥራ ዘንድ እንደሚታወቀው፥ አንድ ዕቃ ከሌላው ይልቅ ፈጣን፥ ምቹና ለአያያዝ ቀላል የሆነ እንደ ሆነ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። የበታች የሆነው ዕቃ ግን ቀስ በቀስ ከገበያ ይወጣል። ይህ ሥርዓት በአብዛኛው የጸና ነው። ነገር ግን በስፖርት ኦቶሞቢሎች ገበያ ላይ፥ ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ይህን ሥርዓት የሚቃረን ነገር በግልጥ ታይቷል። ይኸውም ነጂው በግራ እግሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ፥ በእጁም ማርሽ እየለወጠ የሚነዳው ኦቶሞቢል፥ በሰዓት ሲለካ ቀርፋፋ ሆኖ ሳለ፥ ማርሹን በራሱ ከሚለውጠው አቻው ይልቅ በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ መታየቱ ነው። የገዢውን ፍላጎት አስቀድሞ መገመት ኑሮው ለሆነ ነጋዴ ሁሉ፥ ነገሩ ሊመረመር የሚገባው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። የቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲዞር ጕልበቱ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከባድ ኦቶሞቢልን ከቆመበት ብቻውን ሊያስነሣ አይችልም። ስለዚህም በሞተሩና በጎማዎቹ መካከል ካምቢዮ ይገባል። በካምቢዮው ውስጥ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጥርሳም መዘውሮች አሉ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማው ጥቂት ይዞራል፤ ጕልበቱም ይበረክታል። በከፍተኛው ማርሽ ደግሞ ጕልበቱ ቀንሶ ፍጥነቱ ይጨምራል። አንዱ ማርሽ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ሞተሩ ከካምቢዮው ለጊዜው መለየት ስላለበት፥ ይህን የሚፈጽመው ፍሪሲዮን ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖና በመጫኛው ሳሕን መካከል በሱስታ ኀይል ተጨምቆ ይኖራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ጭምቁ ይላላል፥ ፔዳሉ ሲለቀቅ ደግሞ ሸራው እየተሻሸ ቀስ ብሎ ይይዛል። ጀማሪ ነጂ ኦቶሞቢሉን የሚያዘልለውና ሞተሩን የሚያጠፋው በዚህች ቅጽበት ነው፤ የለመደ ነጂ ደግሞ ጥበቡን የሚያሳየው በዚህችው ቅጽበት ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ማርሽ መለወጥ ከዛሬው እጅግ የከበደ ነበር። የሚገናኙት ጥርሶች እኩል ፍጥነት ካልያዙ ስለሚንገጫገጩ፥ ነጂው ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፥ በመካከሉም ቤንዚን እየሰጠ ፍጥነታቸውን በጆሮው ማስተካከል ይገባው ነበር። በ1928 የአሜሪካው ካዲላክ፥ ሾጣጣ ቀለበቶችን አስቀድሞ በማፋተግ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስተካክለውን ሲንክሮሜሽ የተባለ መሣሪያ በኦቶሞቢሎቹ ላይ አዋለ፤ ማርሽ መለወጥም ለማንኛውም ሰው የሚቻል ሆነ። በ1939 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን፥ ፍሪሲዮን የማይረገጥበትን አውቶማቲክ ማርሽ ለኦልድስሞቢል ኦቶሞቢሎቹ አወጣ። ከዚያም ወዲያ የአሜሪካ ሕዝብ ምቾትን መረጠ። በዚያች አገር በ1980 ከተመረቱት አዳዲስ ኦቶሞቢሎችና ቀላል የጭነት መኪናዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በእጅ የሚለወጥ ማርሽ ነበረው፤ በዚህ ባለንበት ዘመን ግን ቍጥሩ ወደ ከመቶ አንድ ገደማ ወርዷል።

የስፖርት ኦቶሞቢል ግን ለረጅም ጊዜ ከዚህ ለውጥ ውጭ ሆኖ ቆየ። ምክንያቱም የጥንቱ አውቶማቲክ ጕልበቱን በዘይት ውስጥ ያባክን ስለ ነበርና ለውጡም የዘገየ ስለ ነበር፥ ለፍጥነት የሚጨነቅ ሰው ሊመርጠው አይችልም ነበር። ይህን ሁኔታ የለወጠው እሽቅድምድም ነው። በ1989 ፌራሪ፥ መሐንዲሱ ጆን ባርናርድ የነደፈውን፥ ማርሹ ከመሪው በስተኋላ በተተከሉ ሁለት ማንሻዎች የሚለወጠውን የፎርሙላ 1 ኦቶሞቢል አሰለፈ። ናይጄል ማንሰልም በመጀመሪያው ውድድር በብራዚል አሸነፈበት። በ1997 ይኸው ዘዴ በኤፍ355 ላይ ለገዢዎች ቀረበ። በ2003 ደግሞ የቮልስዋገን ፋብሪካ በጎልፍ አር32 ላይ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮን ለገበያ አዋለ።

ይህ የመጨረሻው ዘዴ የነገሩን ሚዛን ፈጽሞ የለወጠ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። አንደኛው ፍሪሲዮን አንደኛን፥ ሦስተኛንና አምስተኛን ማርሽ ይይዛል፤ ሁለተኛው ፍሪሲዮን ደግሞ ሁለተኛን፥ አራተኛንና ስድስተኛን ይይዛል። ኦቶሞቢሉ በሦስተኛ ሲሮጥ አራተኛው አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ለውጡ ማለት አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው መያዙ ብቻ ነው። የጕልበቱም ፍሰት አይቋረጥም። የቱንም ያህል እጁ የፈጠነ ሰው ይህን ያህል ሊፈጥን አይቻለውም። ፖርሼም ተመሳሳዩን ዘዴ በ1980ዎቹ በእሽቅድምድም ኦቶሞቢሎቹ ላይ ሲሞክር ከቆየ በኋላ፥ በ2008 ለ911 አደረገው።

ከዚህ በኋላ የፋብሪካዎቹ ሒሳብ ቀላል መሰለ። የስፖርት ኦቶሞቢል ገዢ ፍጥነትን ይገዛል፤ ፈጣኑ ካምቢዮ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ነው፤ እንግዲያስ የቀድሞውን መሥራት ስለ ምን ያስፈልጋል? ላምቦርጊኒ በ2011 ያወጣውን አቬንታዶርን ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል አቀረበ። የፌራሪም በእጅ የሚለወጥ ማርሽ ካሊፎርኒያ በተባለው ሞዴል ላይ እስከ 2012 ገደማ ቆይቶ አበቃ፤ እሱንም ያዘዙት እጅግ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። (በኢትዮጵያ ጋራዦች ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ፍሬን የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ቃሉን ለሌላው ያወረሰ አገር ዕቃውን አስቀድሞ መጣሉ ያስገርማል።) በ2013 ፖርሼ አዲሱን 911 ጂቲ3 ሲያወጣ፥ ይህ ሞዴል ለእሽቅድምድም ሜዳ የቀረበ ስለ ሆነ በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ብቻ እንዲሸጥ ወሰነ።

ውሳኔው በቍጥር ሲመረመር ስሕተት አልነበረበትም። ስሕተቱ የገዢውን ፍላጎት መገመቱ ላይ ነበር። ጂቲ3ን ለዓመታት ሲገዙ የኖሩ ብዙ ደንበኞች ኦቶሞቢሉ ፈጣን መሆኑን ሳይክዱ፥ ሥራቸውን ተነጠቅን ብለው አማረሩ። በመጋቢት 2016 ፖርሼ በጄኔቫ ትርኢት 911 አር የተባለውን አቀረበ፤ ባለ ስድስት ማርሽ፥ በእጅ ብቻ የሚለወጥ፥ 500 የፈረስ ጕልበት ያለው፥ ቍጥሩም በ991 ብቻ የተወሰነ ነበር። በአሜሪካ የተቈረጠለት ዋጋ 184,900 ዶላር ነበር። ሁሉም ወዲያው አለቁ፤ ገና ከፋብሪካ እንደ ወጡም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ዋጋቸው ከእጥፍ በላይ ዘለለ። አትራፊው ግን ፋብሪካው ሳይሆን መካከለኛው ሻጭ ነበር። ፖርሼም ይህን ተመልክቶ፥ በ2017 በታደሰው ጂቲ3 ላይ በእጅ የሚለወጠውን ማርሽ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለፈለገ ሁሉ አቀረበ። በዚህ ጊዜ የ911 አር ዋጋ ከደረሰበት ጫፍ ወረደ፤ በጫፉ ላይ የገዙት ነጋዴዎችም ከሰሩ። ከፍተኛው ዋጋ ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነበር ማለት ነው፤ አንደኛው የማርሹ ተፈላጊነት፥ ሁለተኛው የቍጥሩ ማነስ ነው። ፖርሼ አቅርቦቱን ባሰፋ ጊዜ ሁለተኛው ክፍል ተነነ፤ የመጀመሪያው ግን ቀረ። በ2023 እንኳ 911 ኤስ/ቲ የተባለው፥ በ1,963 ቍጥር የተወሰነው ሞዴል፥ በእጅ በሚለወጥ ማርሽ ብቻ ተሠርቶ ገዢ አላጣም።

ቶዮታም የዚህ ዐይነት ትምህርት አግኝቷል። በ2019 ከቢኤምደብልዩ ጋር ተባብሮ የሠራውን አዲሱን ሱፕራ በአውቶማቲክ ብቻ አወጣ፤ በ2022 ግን ባለ ስድስት ሲሊንደሩን በእጅ በሚለወጥ ማርሽ ጭምር ማቅረቡን አስታወቀ። ከዚያም ቢኤምደብልዩ ራሱ የዚያው ኦቶሞቢል ወንድም ለሆነው ዜድ4 በእጅ የሚለወጥ ማርሽ ጨመረ። ፋብሪካ አንድን ካምቢዮ ከተወ በኋላ መልሶ ማስገባቱ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ መመለስ ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ምስክር ነው።

እንግዲህ ገዢው የሚከፍለው ለምንድር ነው? በ2021 የወጣውን ጂቲ3 መመልከት ነገሩን ያስረዳል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ከቆመበት ተነሥቶ በ3.4 ሴኮንድ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል፤ በእጅ የሚለወጠው 3.9 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በሌላ በኩል በእጅ የሚለወጠው 17 ኪሎ ይቀላል፤ የመጨረሻ ፍጥነቱም በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሌላው 318 ነው። በእሽቅድምድም ሜዳ ግማሽ ሴኮንድ ብዙ ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ ግን ሁለቱም ልዩነታቸውን ሊያሳዩ አይችሉም፤ ሁለተኛ ማርሽ ብቻውን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳልና፥ ነጂው ሦስተኛውን ከማግኘቱ በፊት ፖሊስ ያገኘዋል። ኦቶሞቢሎች እጅግ በፈጠኑ መጠን ፍጥነታቸው የማይሠራበት ሀብት ሆነ። በሕጋዊ ፍጥነት ሲነዱ የሚቀረው ደስታ ሥራው ራሱ ነው፤ ይኸውም ከመታጠፊያ በፊት በጣቶች ፍሬን ይዞ በተረከዝ ቤንዚን በመስጠት ሞተሩን ከዝቅተኛው ማርሽ ጋር አስማምቶ ማስገባት፥ ፍሪሲዮኑንም ኦቶሞቢሉ ሳይነቀነቅ መልቀቅ ነው። ይህ በአንድ ቀን የማይለመድ ነገር ስለ ሆነ፥ ነጂው በየጊዜው እየተሻሻለ መሄዱን ራሱ ያውቀዋል። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች የተረከዙን ሥራ በኮምፒዩተር ሲያሠሩ፥ ጠቢባኑ ግን ይህን የሚያጠፋ ቍልፍ እንዲኖር ይጠይቃሉ።

የቀድሞ የኢትዮጵያ መኳንንት ይህን ልዩነት ሳያውቁት አልቀሩም። ለረጅም መንገድ የሚቀመጡት በሰጋር በቅሎ ላይ ነበር፤ በቅሎ አትነቀንቅም፥ ገደልም አትስትም። ፈረሱ ግን ከኋላ ይሳብ ነበር፤ የሚወጡበት ለጦርነትና ለጉግስ ነው። ማንም ፈረሱን በምቾቱ አልገዛውም። አውቶማቲኩ ኦቶሞቢል በቅሎውን ይመስላል፤ በዕለታዊ መጓጓዣም ያሸነፈው በሚገባ ነው። ባለ ፍሪሲዮኑ የስፖርት ኦቶሞቢል ደግሞ ለጉግስ የሚቀመጥ ፈረስ ሆኗል።

ለዚህ ጉዳይ ሌላ ምሳሌ የሚሆነው የእጅ ሰዓት ንግድ ነው። በታኅሣሥ 1969 የጃፓኑ ሴይኮ በኳርትዝ የሚሠራውን የእጅ ሰዓት ካወጣ በኋላ፥ በስዊስ አገር ብዙ የሰዓት ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ በሰዓቱ ትክክለኛነት በኩል የሞላ ሰዓት ሊወዳደር አይችልም ነበርና። ዛሬ ግን ስዊስ ወደ ውጭ ከምትልከው ሰዓት፥ በዋጋ ሲቈጠር ከግማሽ በላይ የሆነው የሞላ ሰዓት ነው። በቍጥር ግን እንዲያ አልሆነም፤ በዚህም ረገድ ሁለቱ ዕቃዎች ይመሳሰላሉ።

ገዢው ሁሉ ባለጠጋ ነው ብሎ መገመትም አይገባም። በአንድ በኩል በደቡብ አፍሪካ በደርባን የተወለደው መሐንዲስ ጎርደን ሙሬይ በ2020 ያስተዋወቀው ቲ.50 አለ፤ ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ በታች የሆነ፥ ሞተሩ በደቂቃ 12,100 ጊዜ የሚዞር፥ በመቶ ቍጥር ብቻ የተወሰነ፥ ዋጋው ከቀረጥ በፊት 2.36 ሚሊዮን ፓውንድ የሆነ ኦቶሞቢል ነው። ለዚህ ዋጋ የተሰጠው ካምቢዮ በእጅ የሚለወጥ ባለ ስድስት ማርሽ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከ1989 ጀምሮ የሚሠራው የማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለ፤ ትንሽ፥ ቀላልና ለመካከለኛ ኑሮ የሚስማማ ነው። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው ተሠርቶ ወጣ። የማርሽ እጀታው አጭርና ልስልስ መሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚመሰገንበት ነገር ነው፤ ፋብሪካውም ይህን ያውቃል።

የሆነ ሆኖ፥ ይህን ወሬ ሰምቶ ዕቃውን በጅምላ የሚያከማች ነጋዴ ቢኖር ይጐዳል። ጠባዩ የጠበበ ገበያ ነው። የአሜሪካው ኮርቬት በ2019 ባወጣው አዲስ ትውልድ ፍሪሲዮን ፔዳልን ፈጽሞ አስቀርቷል፤ ሚኒ በ2024፥ የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ደግሞ በ2025 ሞዴሉ ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። ምክንያቱ የገዢ ማነስ ብቻ አይደለም። በጭስና በነዳጅ ፍጆታ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የሞተርና የካምቢዮ ጥምረት ለብቻው ተመርምሮ መጽደቅ ስላለበት፥ ለጥቂት ገዢዎች ሲባል ይህን ወጪ መሸከም ይከብዳል። ዘመናዊው አውቶማቲክ ብዙ ማርሽ ስላለውና ኮምፒዩተሩም ስለማይሳሳት፥ በነዳጅ ቁጠባ ረገድ የቀድሞውን ብልጫ ወስዷል። ስለዚህ የመካከለኛው ዋጋ ኦቶሞቢል ማርሹን ሲያጣ፥ ውድ የሆነው ግን ይዞት ይቀጥላል፤ ቀድሞ የድኻ ምርጫ የነበረው ዕቃ የባለጠጋ መለያ ወደ መሆን ያዘነበለው በዚህ መንገድ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ወጣቱ ፍሪሲዮን ስለማያውቅ፥ ሌባ የሰረቀውን ኦቶሞቢል መንዳት አቅቶት ጥሎ መሄዱ በጋዜጣ በተደጋጋሚ ተነግሯል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኦቶሞቢል ነገሩን ይበልጥ ያጠባል። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከቆመበት ሙሉ ጕልበቱን ስለሚሰጥ፥ የማርሽ መለዋወጫ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ፥ በአገሪቱ የመንገድ ላይ ገጽታ ወደዚህ ለውጥ የተመለከተ ነበር። ከዚያ በፊት የገቡት ግን በመንገድ ላይ ናቸው፤ በሶማሌ ተራ የፍሪሲዮን ሸራ ለሚሸጥ ሰው ማርሽ መለወጥ የዕለት እንጀራ እንጂ ቅንጦት አይደለም። የሚያስደንቀው የኤሌክትሪኩ ፋብሪካዎች ራሳቸው የጠፋውን ነገር መልሰው መፈለጋቸው ነው። ሃዩንዳይ በ2023 ባወጣው አዮኒክ 5 ኤን ላይ፥ የሌለን ማርሽ በድምፅና በመጠነኛ መነቅነቅ የሚያስመስል ሥርዓት አስገብቷል፤ ቶዮታም የውሸት ፍሪሲዮን ፔዳልና የማርሽ እጀታ ያለውን የኤሌክትሪክ ኦቶሞቢል በሙከራ አሳይቷል።

ያገለገሉ የስፖርት ኦቶሞቢሎችን ለሚነግድ ሰው፥ የዋጋው ልዩነት በተለይ በጣሊያን ሥራዎች ላይ ጐልቶ ይታያል። ኤፍ430 የተባለው ፌራሪ በፍሪሲዮን ፔዳል የተሠራው በጥቂት ቍጥር ስለ ሆነ፥ ማንሻ ካለው ይልቅ በብዙ ብልጫ ይሸጣል። ይህም ብልጫ አንድ አዲስ የእጅ ሥራ አስነሥቷል፤ ባለ ማንሻውን ፈትተው ፔዳልና እጀታ የሚገጥሙ ጋራዦች ተቋቁመዋል። የተገጠመለት ግን ከፋብሪካው እንደዚያ ሆኖ እንደ ወጣው አይቈጠርም፤ ስለዚህ ገዢ የትዕዛዝ ወረቀቱን ማየትና የሻንጢውን ቍጥር ከፋብሪካው ማስመስከር ይገባዋል። ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚመረመረው ሞተሩ ነው። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ሞተሩን የሚጐዳ ትእዛዝ ቢሰጡት አይቀበልም፤ በእጅ የሚለወጠው ግን የሰውን ስሕተት ሁሉ ይቀበላል። ነጂው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ አራተኛን ሲፈልግ ሁለተኛውን ቢያስገባ፥ ጎማዎቹ ሞተሩን ከዐቅሙ በላይ ያዞሩትና ቫልቮቹ ይሰበራሉ፤ ወይም ሳይሰበሩ ጕዳቱ ተሰውሮ ይቀራል። የፖርሼ ሞተር መቈጣጠሪያ ኮምፒዩተር እንዲህ ያለውን ከልክ ያለፈ መዞር፥ ከቀላል እስከ ከባድ በደረጃ ለይቶ ሲመዘግብ፥ የተፈጸመበትንም የሞተር ሰዓት ይይዛል። በዚህ ንግድ የቆዩ ሻጮች ይህን መዝገብ አትመው ከኦቶሞቢሉ ጋር ያቀርባሉ፤ ያላቀረበ ሻጭ ቢኖር ገዢው በራሱ ወጪ ያስነብበዋል።